ትምህርት ቤት ሲዘጋ



በባሕረ ሐሳብ አቈጣጠር ዘመነ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ነው። በጉለሌ ግን ዝናቡ ይኸን ቀን አይጠብቅም። ሰኔ ገና ሳይጋመስ የእንጦጦ ጋራ ከቀትር በኋላ ደመና ይለብሳል፤ ጐርፉም በሽሮ ሜዳ ቍልቍለት ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። በዚሁ ሰሞን የትምህርት ቤቶች ፈተና ያልቅና ልጆች የዓመቱን የውጤት ካርድ ተቀብለው እስከ መስከረም ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ፈረንጆች የልጆቻቸውን ረጅም ዕረፍት ከፀሐይና ከባሕር ዳርቻ ጋር አስማምተውታል። የኛ ልጆች ዕረፍት ግን ከዝናብ ጋር የሚገጥም ስለ ሆነ፣ ከትምህርት ቤት የወጣው ልጅ የሚገባው ወደ ቤት ነው። ስለዚህ የክረምት ዕረፍት ከሁሉ አስቀድሞ የቤተ ሰብ ጕዳይ ሆኖ ስለምናገኘው፣ ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገርበት ወደድን።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ እንደምታውቁት የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን ነው። ልጅ ካርዱን ይዞ በሚመጣበት ሳምንት አባት ሒሳብ ሲዘጋ፣ ንብረት ሲቈጥርና ሪፖርት ሲያዘጋጅ ያመሻል። በፍርድ ቤት የምንሠራውም የተሻለ ዕድል የለንም፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ዕረፍታቸውን የሚጀምሩት ከነሐሴ መግቢያ ነውና፣ መዝገብ ለመዝጋት የምንጣደፈው በሐምሌ ነው። በዚህ ምክንያት የልጆች ዕረፍት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አባት ደክሞት ሲመሽ ብቻ በሚገባበት ቤት ያልፋሉ። የክረምቱን ሁናቴ የሚወስኑት ግን እነዚሁ ሳምንታት ናቸው። አባት ፋታ ባገኘ ጊዜ ልጁ ወይ ቀኑን ሙሉ በስልክ ላይ ማቀርቀርን፣ ወይ በየመንደሩ መዋልን ለምዶ ይቈየዋል።

ከሽሮ ሜዳ በላይ በኩል የሚኖሩ አንድ የሥራ ባልደረባችን አሉ። ባልና ሚስት፣ የባልየው እናት፣ ሦስት ልጆችና ከመንዝ የመጣች አንዲት የዘመድ ልጅ በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ታላቁ ወንድ ልጅ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ሕዝቡ ሚኒስትሪ የሚለውን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ውጤቱን ይጠብቃል። ተከታይቱ ሴት ልጅ አምስተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ትንሹ ገና ማንበብ መጀመሩ ነው። ከመንዝ የመጣችው ልጅ ዕድሜዋ ከታላቁ ልጅ ጋር እኩል ሲሆን፣ ቀን በቤት ሥራ ትረዳለች፤ ማታ ማታ ትማራለች።

የቤቱ እመቤት ብልህ ሴት ናቸው። ባላቸው በሥራ መያዛቸውን አይተው፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ በማግስቱ ልጆቹን ሰብስበው የክረምቱን ሥራ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ወረቀቱን አይተነው ነበርና እጅግ ደስ አሰኝቶናል። አስቀድሞ የተጻፈው ስለ ጣራው ነው፤ ልቅ የሆነውን ቆርቆሮ ሚስማር መምታት፣ በአሸንዳው ውስጥ የተጠራቀመውን የባሕር ዛፍ ቅጠል መጥረግ፣ ከግቢው የሚወጣውን ቦይ መቈፈር። ቦዩ የታላቁ ልጅ ድርሻ ሆነ። ሁለተኛው ስለ ጓዳው ነበር። ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ቀን እስኪፈታ ድረስ የቤቱ ወጥ ሽሮና ጎመን ስለ ሆነ፣ ሽሮውም በወቅቱ ስላልተፈጨ፣ አተሩን አምሶና ከክቶ ማሰናዳት፣ የበርበሬውንም ቅንጣሽ መጨረስ ያስፈልግ ነበር። በሰኔ መጨረሻ ፀሐይ የምትታየው ከረፋድ እስከ ቀትር ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነውና፣ በርበሬውን የሚያሰጣና ደመና ሲመጣ ሮጦ የሚያነሣ ሰው ተመደበ። ይኸን ሥራ ትንሹ ልጅ ያዘው፤ ሰማይን ሲጠብቅ በመዋሉም ራሱን እንደ ትልቅ ሹም ቈጥሮታል።

ስለ ወንዝም በወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ነበረ፤ በቀይ የተጻፈው እርሱ ብቻ ነው። ከእንጦጦ የሚወርዱት የቀጨኔና የቀበና ወንዞች በበጋ ልጅ የሚሻገራቸው ቀጫጭን ጅረቶች ናቸው። በሰኔና በሐምሌ ግን ዝናቡ በጋራው ላይ ሲጥል ታች መንደሩ ደረቅ ሆኖ ሊውል ስለሚችል፣ ደራሹ ውኃ ሳይታሰብ ይመጣል። ልጅ የሚያየው በራሱ ላይ ያለውን ሰማይ ነው እንጂ የጋራውን ሰማይ አይደለም። «ወንዝ ዳር አትሂዱ» ብቻ ማለት ለልጅ አይበቃም፤ እኒህ እናት እንዳደረጉት እጁን ይዞ ከድልድይ ላይ ሆኖ የደራሹን አመጣጥ አንድ ጊዜ ማሳየት ከብዙ ቍጣ የበለጠ ይጠቅማል።

ስለ ውጤት ካርዱም የታዘብነውን እንናገር። አብዛኞቻችን አባቶች ካርድ ስንቀበል ዐይናችን የሚሮጠው ወደ ደረጃው ነው፤ ስንተኛ ወጣ ብለን እንጠይቅና፣ አንደኛ ከሆነ እንስመዋለን፤ ዐሥራ አምስተኛ ከሆነ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ከጧት እስከ ማታ እናዝበታለን። ባልደረባችንም ለሴት ልጃቸው ይኸንኑ ሊያደርጉ ተነሥተው ነበር። እናትየው ግን ካርዱን ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ ልጅቱ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የወደቀችው በሒሳብ ብቻ እንደ ሆነ፣ የቀረችባቸው ቀኖችም በዚያው ወራት እንደ በዙ አሳዩዋቸው። ያን ጊዜ ታማ ነበር። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ሒሳብ ከታላቅ ወንድሟ ጋር እንድትሠራ ሆነ። ለአንድ ትምህርት ብሎ አምስት ትምህርት የሚያስጠና አባት ልጁን ከመርዳቱ ይልቅ የራሱን ቍጣ ማብረዱ ይመስለናል።

ይኸ ሁሉ መልካም ነበር። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን፣ የአልጋ ልብሱ ፀሐይ እንዲመታው በሚወጣበት ጊዜ፣ ከመንዝ ከመጣችው ልጅ ፍራሽ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። የማታ ትምህርት ቤት የውጤት ካርድ ነበር። ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታለች።

እመቤቲቱ ጠርተው ጠየቋት።

«ይኸ ካርድ መቼ ተሰጠሽ?»

«ቅዳሜ ዕለት ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን አላሳየሽኝም?»

«ጋሼ የልጆቹን ካርድ እያዩ ነበር፤ እንዳላስቸግር ብዬ ነው።»

አያቲቱ ከበረንዳው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበርና፣ «ለሦስቱ ዕረፍት መጣላቸው፤ ለርስዋ ግን ሰው በዛባት። እኔ ስቈጥር ነው የሰነበትሁት፤ ሰኞ ዕለት አራት ጊዜ ዕቃ አጠበች» አሉ።

እመቤቲቱ ወረቀታቸውን አምጥተው እንደ ገና አነበቡት። የሦስት ልጆች ስም አለበት፤ የአራተኛይቱ የለበትም። የርስዋ ሥራ ሳይጻፍ የሚታወቅ ነበርና። በዚህም ላይ የማታው ትምህርት ስለ ተዘጋ፣ ከቤት የምትወጣባት ያች አንዲት ሰዓት እንኳ ቀርታባት ነበር።

አንባቢዎቻችን ይኸን የምንጽፈው የአንድ ቤት ጕድለት ለመግለጥ እንዳይመስላችሁ። በከተማችን ባለ ብዙ ደጅ በሆነ ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ከገጠር «ላስተምራት» ተብላ የመጣች የዘመድ ልጅ ትገኛለች። ያመጣት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን በቅን ልቡና ነው የሰጠው። ነገር ግን ቡናው፣ እንጀራው፣ የሕፃኑ እጥበት እያለ ቀኑ ያልቅና ትምህርቱ ወደ ማታ ይገፋል፤ ማታ ደግሞ የደከመ ሰው ጊዜ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፣ ሕፃን ትምህርቱን፣ ጤንነቱንና ደኅንነቱን የሚጐዳ ሥራ እንዲሠራ እንዳይገደድም እንዳይፈቀድም ይደነግጋል። በፋብሪካ ወይም በእርሻ ላይ የሚሠራ ልጅ ሲያጋጥመን ይኸን አንቀጽ ፈጥነን እናስታውሳለን። ጓዳችንን ግን የሚመለከት አይመስለንም።

የጉለሌ ነገር ሲነሣ ሸማኔዎቹን ማለፍ አይገባም። ለዘመን መለወጫና ለመስቀል የሚለበሰው ልብስ የሚሠራው በክረምት ስለ ሆነ፣ በሽሮ ሜዳ ያሉ የሽመና ቤቶች ሥራ የሚበዛባቸው ልጆች ከትምህርት ቤት በሚወጡበት ወራት ነው። ከትምህርት የተመለሰ ልጅ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ማግ ሲያጠነጥን፣ መወርወሪያውን ሲያቀብል፣ የጥበቡንም አጣጣል በዐይኑ ሲለምድ ማየት ደስ የሚያሰኝ ነው፤ በመስከረም ደብተሩን ይዞ ይመለሳልና። ከጋሞ ደጋ ሥራ ልታስተምሩት ተብሎ ተልኮ፣ ከጧት እስከ ማታ እግሩን በጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ የሚውለው ልጅ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ለርሱ መስከረምም እንደ ሐምሌ ነው። ሁለቱን ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሥራቸው አንድ ይመስላል።

ወደ ባልደረባችን ቤት እንመለስ። ወረቀቱ ተቀዶ በአራት ስም ተጻፈ። የምሳ ዕቃ ማጠብ ለታላቁ ልጅ ደረሰው። እኛ ፈርተን የነበረው አያቲቱ «ወንድ ልጅ ጓዳ አይገባም» ይሉ ይሆናል ብለን ነው፤ እርሳቸው ግን «ሲበላ ወንድነቱ አልከለከለው» ብለው ዘጉት። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ብርጭቆ ሰበረ፤ በሳምንቱ መስበሩን ተወ። ከመንዝ የመጣችው ልጅ ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ ለርስዋ ሆኖ፣ ከተከታይቱ ልጅ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሒሳብ ትሠራለች። በሒሳብ እርስዋ ትበልጣለችና፣ ታላቅ ወንድም የጀመረው ማስጠናት ሳይታወቅ ወደ ርስዋ ዞሯል።

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ጧት ዝናብ ስላልነበረ፣ ባልደረባችን ሁሉንም ይዘው ወደ እንጦጦ ወጡ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባትን የእንጦጦ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው፣ ልጆቹን ቤተ መዘክሩን አሳዩአቸው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም በዚያው ጋራ ላይ ነው፤ ነገር ግን ጭቃ ያልፈራ ሰው ያለ ፓርክም ቢሆን በባሕር ዛፉ መካከል መሄድ ይችላል። የባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ መጥቶ ከተማዪቱን ከማገዶ ችግር እንዳዳናት፣ ውኃንም አብዝቶ እንደሚጠጣ ሲነግሯቸው፣ ትንሹ ልጅ «ታዲያ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ ጠየቀ። ባልደረባችን መልሱን እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሲያስቡ ወረዱ።

በሌላ ቀን ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድነት ያቋቋሙትን፣ ስፋቱ 705 ሄክታር የሆነውን የጉለሌን የዕፅዋት ማዕከል አይተው፣ በግቢያቸው የሚተክሉትን መረጡ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአገር ሁሉ ችግኝ ስለሚተከል፣ መትከሉን ልጆቹ ከትምህርት ቤት ያውቁታል። ችግኝ የሚሞተው ግን በተከሉት ቀን ሳይሆን በጥርና በየካቲት ነው። ስለዚህ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ችግኝ ብቻ ተሰጠ፤ ሁለት ጽድ፣ አንድ ወይራ፣ አንድ ኮሶ። ኮሶውን የመረጠችው ከመንዝ የመጣችው ልጅ ናት፤ በአገርዋ በአያትዋ ደጅ የነበረ ዛፍ ነው አለች።

የቀረው ዋናው ነገር የመስከረም ጕዳይ ነው። እመቤቲቱ ልጅቱን በቀን ትምህርት ለማስገባት ቈርጠዋል። ካርድዋን ይዘው ትምህርት ቤቱን ጠይቀዋል፤ ለወላጆችዋም በስልክ ነግረው ፈቃዳቸውን አግኝተዋል። የምዝገባው ጊዜ ሳያልፍ የሚያስፈልገውን ማስረጃ እያሰባሰቡ ናቸው። ባልደረባችን አልተቃወሙም፤ ነገር ግን ሁለቱ በሥራ፣ አራቱ በትምህርት ሲውሉ ቤቱን ማን ይይዘዋል የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። የቀን ሠራተኛ በደመወዝ እንቅጠር ቢሉ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ በወረቀት አስልተው ነበር፤ ከልጆቹ የክረምት ማጠናከሪያ ሊከፈል የታሰበው ተቀንሶ የተወሰነውን ይሸፍናል፤ የቀረው ገና አልተገኘም። አያቲቱ «እኔ አለሁ» ይላሉ። ባልደረባችን ግን የእናታቸው ጕልበት ያሳስባቸዋል፤ ይኸን በምንጽፍበት ቀንም ነገሩ ገና አልተቈረጠም።