ለዊንጌት ገጽ አቀናባሪዎች፦ ኮምፒውተሩን ከመሸጥዎ በፊት

የተከበሩ አንባቢዬ፣

ይህን የምጽፈው ከዊንጌት ወደ ጳውሎስ ሆስፒታልም ሆነ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ዲዛይን» ከሚል ሰሌዳ ሥር ተቀምጠው የምረቃ መጽሔት ለሚያቀናብሩት ለእርስዎ ነው። የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በ1946 (እ.ኤ.አ.) ከተከፈተ ወዲህ ሰፈሩ ተማሪ አጥቶ አያውቅም፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ የቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል፣ ጳውሎስም ሐኪሞች ያስመርቃል፤ ስለዚህ መጽሔት አይጠፋም። ሙያዎ ሌላ ከሆነም ወረቀቱን አያስቀምጡት። ከአቀናባሪው ጀርባ ቆመው «ገና ነው እንዴ?» የሚሉት ደንበኛ እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መጨረሻ ላይ እደርስብዎታለሁ።

ቅሬታዎን ሰምቻለሁ። የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራምዎን ኢንዲዛይንን ወደ አዲሱ ቨርዥን አሳደጉት፤ ከዚያ ወዲህ ጽፈው ሲጨርሱ ፊደሉ ገና እየመጣ ነው፣ ገጽ ሲቀይሩ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቆያል፣ ፒዲኤፍ እስኪወጣ ቡናው ተቆልቶ ተፈልቶ ይጠጣል። ጥፋተኛውም ወዲያው ተለይቷል፦ አዲሱ ቨርዥን። ፍርዱ ጥቂት ይቆይልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።

«ታዲያ ከእሱ ሌላ ምን ተለወጠ?» ይሉኛል። ደግ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ግን ራሱ ማሽኑ ይስጥዎት። የተከፈተውን ሁሉ ይዝጉና አዲስ ባዶ ሰነድ ይክፈቱ። ግማሽ ገጽ አማርኛ ይጻፉበት፤ ከሌላ ቦታ አምጥተው አይለጥፉ፣ በእጅዎ ይጻፉ። ጽሑፉ ከጣትዎ እኩል ከሄደ ፕሮግራሙም ኮምፒውተሩም ጤነኞች ናቸው፤ ሕመሙ ያለው በሥራ ፋይልዎ ውስጥ ነው። ባዶው ሰነድም ከተንቀራፈፈ ያን ጊዜ ፕሮግራሙን ወይም ማሽኑን እንጠረጥራለን። ይህ ሙከራ ሳንቲም አያስወጣም። ቴክኒሻን ጠርተው ዊንዶውሱን ፎርማት ካስደረጉት መካከል ቀድሞ የሞከረው ስንቱ ይሆን?

«ባዶውማ ይፈጥናል፤ እኔ ግን ባዶ ገጽ አልሸጥም።» እንግዲህ ደረስንበት። ያንን መጽሔት ሲከፍቱ ከፋይሉ ስም አጠገብ «ኮንቨርትድ» የሚል ቃል በቅንፍ ተጽፎ ያያሉ። ሰነዱ በአሮጌ ቨርዥን እንደተሠራና ፕሮግራሙ አሁን እንደለወጠው እየነገረዎት ነው። እንግዲህ ስንት ዓመት ያረጀ ነው? እንደማውቀው በእኛ ሰፈር መጽሔት ከባዶ አይጀመርም። የአምናው ይከፈታል፤ ፎቶው ይቀየራል፣ ስሙ ይቀየራል፣ የዲኑ መልእክት ግን እንዳለ ይቀራል። የአምናው ደግሞ ከካቻምናው የተቀዳ ነው። ወደ ኋላ ሲቆጠር ፔጅሜከር ላይ የሚደርስም አለ። ፔጅሜከርን አልደስ የተባለ ኩባንያ በ1985 አወጣው፤ አዶቢ አልደስን በ1994 ጠቅልሎ ገዛ፤ በ1999 ኢንዲዛይንን አመጣ፤ የፔጅሜከርን እድገት ደግሞ በ2004 አቆመ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የእርስዎ ፋይል ግን አልቆመም። ከፔጅሜከር ወደ ኢንዲዛይን ሲኤስ፣ ከሲኤስ ወደ ሲሲ እየተሻገረ፣ ማንም የማይጠቀምባቸውን ስታይሎች፣ ከገጹ ውጭ የተረሱ ሳጥኖችን፣ ባዶ ሌየሮችን ሁሉ ተሸክሞ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል።

«ስታይል ይሁን እሺ፤ ጽሑፉስ ምን አጠፋ? ፊደል እንደሆነ ያው ፊደል ነው።» እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአማርኛ አቀናባሪ ጣጣ ከሌላው ዓለም የሚለየው በዚህ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነ ሏ፣ ቋ፣ ኳ፣ ጓ ይጨመሩበት፤ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 አኃዞች ይጨመሩበት፤ ሥርዓተ ነጥቡም አለ። የያኔው ፎንት ቦታው 256 ብቻ ነበር፤ ከዚያም ላይ ከፊሉ ለኮምፒውተሩ ለራሱ የተያዘ ነው። ስለዚህ እነ ቪዥዋል ግዕዝና እነ ፓወር ግዕዝ በተባሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ዘመን ብልሃት ተፈለገ። በአንዳንዱ አሠራር ፊደሉ ለሁለት የፎንት ፋይል ተከፈለ። በሌላው ደግሞ የፊደሉ ግንድ ለብቻ፣ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥያ ለብቻ ተቀመጠና ሁለቱ ስክሪን ላይ ተጠግተው አንድ ፊደል መሰሉ። ዩኒኮድ የእኛን ፊደል የተቀበለው በ1999 (እ.ኤ.አ.)፣ በቨርዥን 3.0 ነው፤ የፕሮግራሞቹ ሠሪዎች እስከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

ምስጋናው እንዳለ ሆኖ፣ ትተውልን የሄዱትን በራስዎ ሰነድ ላይ ይዩት። ከአሮጌው ጽሑፍ አንድ ቃል ይምረጡና ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያደመቁ የፎንቱን ስም ይከታተሉ። በአንድ ቃል መካከል ስሙ ከተቀያየረ፣ ለእርስዎ አንድ ቃል የሆነው ለኢንዲዛይን ሦስት አራት ቁራጭ ነው። መጽሔቱ በሙሉ እንዲህ ያለ ቁርጥራጭ ነው እንግዲህ። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ መስመር የሚሰብረው አንቀጹን በሙሉ አይቶ ነው፤ ከታች አንድ ቃል ቢያስገቡ ከላይ ያለውን መስመር ክፍተት እንደገና ይመዝናል። ያ ሁሉ ቁራጭ አንድ ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር እንደገና እየተለካ «ለምን ቀስ አለ?» ማለታችን ይገርማል። በነገራችን ላይ ለረጅም ጽሑፍ ከፓራግራፍ ኮምፖዘር ወደ ሲንግል ላይን ኮምፖዘር ቢቀይሩት ይፈጥናል፤ የቃላቱ ክፍተት ግን እንደ ፊተኛው አያምርም። ለስም ዝርዝር ይበቃል፤ ለግጥም መጽሐፍ አልመክርም።

«እሺ፣ ምን ላድርግ?» ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም ይለውጡት፤ ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪን ተጭነው ያለ ፎርማት ይለጥፉት፤ መልኩን በፓራግራፍ ስታይል ብቻ ይስጡት። ቁጥሩንና ትምህርተ ጥቅሱን በዓይንዎ ያጣሩ፤ መለወጫው የሚስተው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ሰነዱን ራሱን ደግሞ በኤክስፖርት በኩል አይዲኤምኤል አድርገው ያውጡና ያንን መልሰው ከፍተው በአዲስ ስም ያስቀምጡት። ፕሮግራሙ ሰነዱን ከመሠረቱ እንደገና ይገነባዋል፤ በየዓመቱ የተጠራቀመው ብዙው ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ይህን የሚያደርጉት በቅጂው ላይ ነው፤ ዋናውን እንዳይነኩት አደራ።

«ምርቃቱ ቅዳሜ፤ ዛሬ ሐሙስ። የምን ከመሠረቱ መገንባት?» ልክ ነዎት፤ ለሐሙስ የሚሆን ሌላ አለ። ከስክሪኑ ግርጌ ፕሪፍላይት የሚል አለ፤ እርስዎ ሲጽፉ እሱ የጠፋ ፎንትና የተቆረጠ ሊንክ ያለማቋረጥ ይፈልጋል። ያጥፉት፤ ፒዲኤፍ ከማውጣትዎ በፊት መልሰው ያብሩት። ቪው ውስጥ ገብተው ዲስፕሌይ ፐርፎርማንስን ከሃይ ኳሊቲ ወደ ቲፒካል ያውርዱት፤ ፎቶው ስክሪን ላይ ደብዘዝ ይላል እንጂ ኅትመቱ ላይ የሚጎድል የለም። የፔጅስ ፓነልን ትንንሽ ምስሎች ያጥፉ። ፎቶዎቹ በፍላሽ ላይ ከሆኑ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጧቸውና ሊንኩን ያድሱ፤ ፍላሽ ዕቃ ማድረሻ እንጂ የሥራ ቦታ አይደለም። ሴቭ አዝ ብለው በአዲስ ስም ማስቀመጥም ያበጠውን ፋይል ያሳንሳል። እነዚህ ከምሳ በፊት ያልቃሉ።

«ፎርማት ካስደረግኩ ወዲህማ ጽሑፉ ሁሉ ሮዝ ቀለም ለብሷል።» ሮዙ ፎንቱ ማሽኑ ላይ የለም ማለት ነው፤ የጠረጠርኩትም ኒያላን ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን በተጨማሪነት የሚጫን ሆነና አዲስ በተጫነ ማሽን ላይ ለአማርኛ ኤብሪማ ብቻ ይገኛል። ሰቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ጋ ገብተው «ኢትዮፒክ ሰፕልሜንታል ፎንትስ» የሚለውን ይጫኑት፤ በነጻ ነው።

«ያው ፋይል ጎረቤቴ ጋ እንደ ነፋስ ይሄዳል።» ይህን ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቅዎት ስለ መብራት ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ኢንዲዛይን የራሱን ቅንብር እየጻፈ ከነበረ ያ የቅንብር ፋይል ተበላሽቶ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ይሠራል፣ ግን ይንገዳገዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ፕሮግራሙን አስነሥተው ወዲያውኑ ኮንትሮል፣ አልትና ሺፍትን አንድ ላይ ይዘው ይቆዩ፤ ቅንብሩ ይሰረዝ ብሎ ሲጠይቅዎት እሺ ይበሉት። ያስተካከሏቸው ነገሮች ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ፤ ያንን ይቻሉት። ሲ ድራይቭዎ ሞልቶ እንደሆነም ይዩ፤ ፕሮግራሙ መብራት ቢጠፋ ሥራዎን ለመመለስ የሚይዘው መጠባበቂያ የሚጻፈው እዚያ ነው፤ ቦታ ሲያጣ እርስዎንም ያስጠብቃል። ደከም ያለ ዩፒኤስ እንኳ ሰነዱን ሴቭ ለማድረጊያ የሚሆን ጊዜ ይሰጣል።

ስለ ፈቃዱ አልጠየቅኩዎትም፤ እርስዎም አልነገሩኝም። አዶቢ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ፕሮግራሙን በወርሃዊ ኪራይ፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ እንደሚያከራይ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ዶላሩ የት እንደወጣ ሁለታችንም እናውቃለን። አልፈርድም። ግን አንድ ነገር ልበል፦ አዲስ ቨርዥን እንደወጣ ስሕተት አያጣውም፤ ስሕተቱ የሚታረመው ተከትለው በሚመጡት ዝመናዎች ነው። ክራክ የተደረገው ግን ዝመና ሲመጣ ፊቱን ያዞራል፤ እርስዎ የመጀመሪያውን ወር ስሕተት ይዘው ዓመት ይከርማሉ። ኢንተርኔት ላይ ያገኙት ክራክ በጓሮ ሌላ ሥራ እየሠራ ማሽኑን እንደማያደክም ማንም ሊምልልዎት አይችልም። ስክራይበስ የተባለው ፕሮግራም በነጻና በሕጋዊ መንገድ ይገኛል፤ የኢንዲዛይንን ያህል አይመችም፣ ለትንሽ መጽሔት ግን አያሳፍርም።

«ኮምፒውተሩን ልቀይረው እንጂ!» ይህ ሁሉ ተደርጎ ባዶው ሰነድ አሁንም ከተንቀራፈፈ፣ አዎ። ያን ጊዜም ሙሉውን ከመቀየር በፊት አሮጌውን ሀርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ይተኩት፣ ራሙን ይዩት። አዶቢ ለኢንዲዛይን ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይጠይቃል፣ 16 ይመክራል። 4 ጊጋባይት ይዘው ከአዲሱ ቨርዥን ጋር የሚታገሉ ከሆነ ፕሮግራሙን አይክሰሱት።

«በቃ፣ ወደ ድሮው ልመለስ።» ይመለሱ፤ ነውር የለበትም። የሚወዱት ሲኤስ 6 ዛሬም ይሠራ ይሆናል። በአዲሱ ቨርዥን ያስቀመጡትን ሰነድ ግን አሮጌው አይከፍተውም፤ በአይዲኤምኤል በኩል ካላሻገሩት በቀር። ከአሥር ዓመት በፊት የፔጅሜከር ፋይሎች በሲዲ ያስቀመጡ ከሆነ ደግሞ ሲኤስ 6ን ከማሽኑ ላይ አያጥፉት፤ አዳዲሶቹ የፔጅሜከርን ፋይል አይከፍቱም፣ እሱ ግን ይከፍታል።

አሁን ወደ እርስዎ፣ ከኋላ ወደ ቆሙት ደንበኛ። የተመራቂዎቹን ፎቶ ሲያመጡ «ጥራቱ እንዳይቀንስ» ብለው እያንዳንዱን በሙሉ መጠኑ በፍላሽ አጭቀው ነው። መጽሔቱ ላይ የአንዱ ተመራቂ ፎቶ ስፋት 3 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይበቃል፤ ስለዚህ 3 ሴንቲ ሜትሩ የሚፈልገው ወርድ 354 ፒክስል ነው። የስልክዎ ካሜራ የሚሰጠው ግን 3,000 ነው። የቀረው ሁሉ ማሽኑን ከማድከም ሌላ ወረቀቱ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ለዚህ ሥራ ቴሌግራም ጨምቆ የሚልከው ፎቶም ይተርፋል፤ ለሽፋኑ ብቻ ትልቁን ይዘው ይምጡ።

የስም ዝርዝሩንም ቤትዎ ሆነው በዩኒኮድ ጽፈው፣ ለተመራቂዎቹ አሳይተውና አሳርመው ይምጡልን። ፒዲኤፉ ሊወጣ ሲል ከአቀናባሪው ትከሻ በላይ ጣትን ዘርግቶ «የአያቱ ስም በሐመሩ ሐ ይሁንልኝ» ማለት የሚያመጣውን መዘግየት የሚፈታ ቨርዥን አዶቢ እስከ ዛሬ አላወጣም።

አክባሪዎ፣
የዚያው ሰፈር ሰው