የቤተሰብ አምድ፦ ዝገት ዓይን ከማያየው ይጀምራል



«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ስለ መኪና ዝገትም ስናወሳ ከሥሩ መጀመር ይገባናል፤ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ መኪና ሁሉ ጤነኛ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ የታየው የጥንቱ ላንድሮቨር ለዚህ ምስክር ነው። የውጭ ልባሱ በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ ቀይ ዝገት አይዘውም፤ የሚሸከመው ሻንሲ ግን ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት በመሆኑ ላዩ አምሮ ሳለ ውስጡ ይበላል።

ከመተማና ከገላባት እስከ ገዳሪፍ በተዘረጋው የሰሊጥና የማሽላ አገር ጉዳቱን የሚያባብሰው ጥቁሩ ዋልካ አፈር ነው። በክረምት ጭቃው ከመኪናው ሥር ይለጠፋል፤ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎችን ይደፍናል፤ ላዩ ከደረቀ በኋላም እርጥበት ይዞ ይቆያል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ቤተሰብ ከካርቱም ወጥቶ በዚሁ መንገድ ወደ መተማ ተጉዟል። መኪና በክፉ ቀን ልጆችን የሚያሸሽ መሆኑን ላሰበ፣ የሻንሲ ጤንነት የጌጥ ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ፀረ ዝገት ሰም በቤት ለመርጨት ምን ይገዛ? ሦስት ዓይነት መሣሪያ አለ።

አንደኛው ቀጭን ረጅም ቱቦ ያለው የስፕሬይ ቆርቆሮ ነው። ኮምፕሬሰር አይፈልግም፤ ለአንድ መኪና ይበቃል።

ሁለተኛው አየር ሲያልፍበት ፈሳሹን ስቦ የሚረጭ ነው። ዋጋው ይቀላል፤ ወፍራም ሰም ግን አይስብም።

ሦስተኛው በተዘጋ የብረት ዕቃ ውስጥ አየሩ ፈሳሹን ከላይ ተጭኖ የሚገፋበት ነው። ወፍራሙን ሰም እስከ ሩቁ ጥግ ያደርሳል። ዋጋው ለአንድ ቤት ከከበደ ሦስት አራት ጎረቤቶች አዋጥተው ቢገዙትና ኮምፕሬሰሩን ከጎሚስታ ቢከራዩ ይሻላል። ከአምራቹ ልክ በላይ ግን አየር አይሰጠው።

ከሁሉም በላይ መታየት ያለበት የቱቦው ጫፍ ነው። ወደ ፊት ብቻ የሚረጭ ጫፍ ጎንና ጣሪያውን ደረቅ ይተዋል፤ ዙሪያውን የሚረጭ ይመረጥ። ለመፈተን በባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ መርጨት ነው፤ ዙሪያው እኩል ከተቀባ መልካም ነው። ሰሙም የገዳሪፍን በጋ ችሎ የማይቀልጥ ይሁን። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን ጎማ ያበላሻልና አንመክርም።

ሥራው በበጋ ይሁን። አስቀድሞ ጭቃው ይታጠብ፤ የተደፈኑት ቀዳዳዎች በሽቦ ይከፈቱ፤ መኪናው ጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ብየዳ ካለ ከመርጨቱ በፊት ይለቅ። የደኅንነት ቀበቶ መጠቅለያና የአየር ከረጢት ባሉበት አይረጭ።

የቤት እመቤቶችንም አንድ ነገር አደራ እንላለን፦ በዚያን ቀን የቡናው ከሰል ከመኪናው ይራቅ፤ ሲጋራም አይለኮስ፤ ሕፃናትም አይቅረቡ። የሚረጨው ሰው መነጽርና የትነት ማጣሪያ ጭንብል ያድርግ፤ በነጠላ አፍን መሸፈን ትነቱን አያግድም።

ሰሙ ከተረጨ በኋላ ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸው ዳግመኛ ይታይ። ውሃ የሚወጣበትን ያጣ ብረት፣ ሰም ቢቀባም ዕድሜው አጭር ነው።