ታኅሣሥን ነሐሴ አታድርጉብን

ባለፈው ሳምንት ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች አንድ የድሮን ቪዲዮ በፕሮጀክተር አሳየኋቸው። የኛው አካባቢ ነው፣ ከመካነ ሰላም ትንሽ ወጣ ብሎ የተቀረጸ። ብዙ ሰው ወዶታል፣ ሼር አድርጎታል፣ ከሥሩ "ገነት!" "የኔ አገር!" ተደርድሯል። "ይሄ በየትኛው ወር የተቀረጸ ይመስላችኋል?" አልኳቸው። ባንድ ድምፅ "ነሐሴ!" አሉ። አንዲት ልጅ ግን ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ነሐሴ ላይ እህል ይወቃል እንዴ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ግን ልክ ነበረች። በሬዎች አውድማ ላይ እያበራዩ ነው፣ ክምሩ ቆሟል፣ ሰውየው መንሽ ይዟል። ታኅሣሥ ነው! ገለባው ግን አረንጓዴ፣ አውድማው አረንጓዴ፣ የበሬዎቹ ጀርባ ራሱ አረንጓዴ ሊል ምንም አልቀረውም። ኤዲት ያደረገው ልጅ ቢጫውን ሁሉ ጎትቶ አረንጓዴ ውስጥ ከቶታል።

ልጁ የኔው ተማሪ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ደውዬ ነግሬዋለሁ። ይሄን የምጽፈው ግን ለሱ ብቻ አይደለም። ድሮን ይዛችሁ ከቦረና እስከ ሳይንት፣ ከወግዲ እስከ ከላላ የምትዞሩትን ሁሉ ይመለከታል። ደግሞ ጥፋቱ የኔም ነው። ሳቹሬሽን የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያሳየኋችሁ እኔ ነኝ። መጨመሩን አስተማርኩ፣ ማቆሙን አላስተማርኩም።

የአገር ቀለም ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መረጃ ነው። ገበሬ ጤፉ ለአጨዳ መድረሱን የሚያውቀው ቀለሙን አይቶ ነው። አፈሩ ቀይ ይሁን መረሬ፣ ተዳፋቱ ታጥቦ ድንጋይ ብቻ ይቅር ወይ እርከኑ አፈር ይያዝ፣ ከላይ ሆናችሁ የምታዩት በቀለም ነው። ይሄን ሁሉ አንድ አረንጓዴ ስትቀቡት አሳመራችሁት ማለት አይደለም። ጽሑፉን ነው የሰረዛችሁት።

ዓባይን ተመልከቱ። ክረምት ላይ ሲሞላ ቡናማ ነው። ያ ቡናማ ውስጥ የኛ አፈር አለበት፣ ከኛ ማሳ ታጥቦ የወረደ። ቪዲዮ ላይ ግን እንደ ባሕር ዳርቻ ሆቴል መዋኛ ሰማያዊ ሆኖ አየሁት። በውጭ ቋንቋ "ሰማያዊ" ስለተባለ ነው? አፈራችን ሲሄድ የሚያሳየውን ማስረጃ በራሳችን እጅ አጥፍተን "ውብ" እንላለን።

"ቲቸር፣ አታካብድ፣ ቪዲዮ ነው እኮ" የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ይሄን ስሙ። ለአንድ የምንጭ ማጎልበት ሥራ መዋጮ ስናሰባስብ ውጭ አገር ያለ የሰፈራችን ልጅ ጋ ደወልኩ። "ቪዲዮውን አይቼዋለሁ እኮ፣ አገሩ ለምለም ነው፣ ምን ውሃ ይቸግራችኋል?" አለኝ። አልተቀየምኩትም። ዓይኑን አምኖ ነው። እዚህ እናቶች ጄሪካን አዝለው በበጋ ስንት መንገድ እንደሚሄዱ ለማስረዳት ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። የናንተን አረንጓዴ ለማጠብ ማለት ነው።

ለምን እንደምትቀቡት ይገባኛል። ወሎ በካሜራ የተጎዳ አገር ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው የወሎ ረሃብ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ቀጣጥሎ በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ምሽት ለሕዝብ አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ደግሞ ሞሐመድ አሚንና ማይክል ቡርክ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያመጡት ምስል ዓለምን አስለቀሰ። ምስሎቹ እውነት ነበሩ፣ ሰውም አድነዋል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የወሎ ስም ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ውስጥ የሚመጣው አቧራና ግራጫ ብቻ ሆነ። ዛሬም ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ሲሉ የለማውን ማሳ ቀለሙን አፍስሰው አመድ የሚያስመስሉ አሉ።

እናንተ ያንን ስዕል ለመፋቅ ነው አረንጓዴ የምትደፉት። ቁጭቱ የኔም ነው። ግን አመድ ያደረገንና ጎመን ያደረገን ሰው የሠሩት ሥራ አንድ ነው። ሁለቱም አገሩን አላዩትም። የእንቁጣጣሹ ፊልም ያስተማረን ነገር ቢኖር ምስል ሲቀጠልና ሲለወጥ መንግሥት የሚያህል ነገር እንደሚነቀንቅ ነው። የመንደር ልጅ በስልኩ የሚሠራውም ኤዲት በአቅሙ ኃይል አለው።

ነቀፌታ ብቻ እንዳይሆን ወደ ሥራው ልግባ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር፦ ያለ ፈቃድ አታንሱ። ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር እስከ ቀበሌው ድረስ የሚመለከተውን ጠይቁ፣ የመንደሩንም ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ። በዚህ ዘመን ከላይ የሚመጣ ድምፅ ለሰው ምን እንደሚያስታውስ እኔ ለናንተ አልነግራችሁም። እናት ልጇን እየጎተተች ቤት የምትገባበት ቪዲዮ፣ ቀለሙ ምንም ቢያምር፣ ይቅርብን።

1. አውቶን አጥፉ። በ25 ፍሬም ቅረጹ፣ ሻተሩን 1/50 ላይ፣ አይኤስኦውን 100 ላይ እሰሩ። የኛ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር አካባቢ ናት፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ የትንንሾቹ ድሮኖች ሌንስ ደግሞ አይጠብም። ስለዚህ ኤንዲ ፊልተር ግድ ነው። ለሌንስ የሚደረግ የፀሐይ መነጽር በሉት። በጠዋት ኤንዲ16፣ ቀትር አካባቢ ኤንዲ64 ወይም ከዚያ በላይ ሞክሩ። ያለ ፊልተር ሻተሩ እስከ 1/2000 እና ከዚያም በላይ ይሮጣል፣ ያኔ በነፋስ የሚወዛወዘው ገብስ እየተቆራረጠ ይዘላል።

2. ዋይት ባላንሱን እሰሩ። ለፀሐይ 5500 ኬልቪን፣ ለደመና 6500 አካባቢ። አውቶ ከተዋችሁት ካሜራው ከማሳው ወደ ገደሉ ሲዞር መሃል ላይ ሐሳቡን ይቀይራል፣ አንዱ ማሳ በአንድ ቪዲዮ ሁለት ቀለም ይወጣዋል።

3. ነጩን ጠብቁ። ጥምቀት ላይ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ከኋላው ጥቁር የባሕር ዛፍ ካለ፣ አውቶው ጨለማውን አይቶ ሁሉን ያበራዋል። ጋቢው ይቃጠላል፣ የጥለቱ ቀለም ይጠፋል። የቆርቆሮ ጣሪያም እንደዚሁ። ሂስቶግራሙን አብሩና ቀኝ ጥግ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ጨለማ በኤዲት በመጠኑ ይመለሳል፣ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም።

4. ድሮናችሁን እወቁ። እንደ ዲጄአይ ሚኒ 2 ያለው ባለ 8 ቢት ነው፣ ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው። እሱን ብዙ ስትጎትቱት ሰማዩ እንደ ደረጃ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ሲቀረጽ አስተካክላችሁ ጨርሱ። እንደ ሚኒ 4 ፕሮ ያለው በዲ-ሎግ ኤም ባለ 10 ቢት ይቀርጻል፣ 1024 ደረጃ ማለት ነው። ዲ-ሎግ ሲወጣ ደብዝዞ ነው የሚወጣው። አትደንግጡ፣ "ሞቷል" ብላችሁም ሳቹሬሽን አትጫኑበት። መጀመሪያ ወደ መደበኛው ሬክ 709 መልሱት፣ ከዚያ ብርሃኑን፣ ከዚያ ነጩን፣ በመጨረሻ ቀለሙን ንኩ። የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻው ቅጂ ለዚህ በቂ ነው።

5. ቀለም ጨምሩ፣ ግን አታዙሩ። ትንሽ ማድመቅ ሌላ ነው፣ ቢጫን አረንጓዴ ማድረግ ሌላ ነው። ደንቆሮ ጫካ ሄዳችሁ ቦረና ሳይንት ፓርክን ብትቀርጹ አስታውም፣ ጅባራውም፣ ጽዱም አረንጓዴ ነው፣ ግን ሦስቱም የየራሳቸው አረንጓዴ አላቸው። አንድ ፊልተር ስትጭኑ ሦስቱም አንድ ፕላስቲክ ይሆናሉ።

6. ሰዓት ምረጡ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ። ያኔ ጥላው እርከኑን፣ ሸለቆውን፣ አጥሩን ቁልጭ አድርጎ ያወጣዋል። በቀትር ቀርጾ በፊልተር ማታ ማስመሰል ድካም ነው።

"ሰው የሚወደው የደመቀውን ነው፣ አልጎሪዝሙም እንደዚያ ነው" ትሉኛላችሁ። ሊሆን ይችላል። የሠርግ ቪዲዮ ከሆነ ወርቅም አልብሱት፣ ሙሽሮቹ ከፈለጉ መብታቸው ነው። ማሳ ግን ባለቤት አለው። ባለቤቱን ማን ጠየቀው?

እኔ ጠየቅኩ። አውድማው የሳቸው የሆኑ ጎረቤቴ አባት ናቸው። ያንን አረንጓዴ ቪዲዮ በስልኬ አሳየኋቸው። ትንሽ አዩና "ደስ ይላል፣ የማን አገር ነው?" አሉኝ። ተማሪዬ ከደወልኩለት በኋላ ዋናውን ፋይል አውጥቶ እንደገና ሠራውና ላከልኝ፣ ያንንም አሳየኋቸው። ስልኩን ከእጄ ወስደው አስጠጉት። "ይቺ እንኳን የኔዋ ናት። ዘንድሮ በታች በኩል ጤፉ ሳስቶብኝ ነበር፣ ይኸው፣ ያስታውቃል" አሉ።

ኤዲታችሁን ከመለጠፋችሁ በፊት ለአንድ ገበሬ አሳዩና "ወሩ ስንት ነው?" በሉት። ከተሳሳተ፣ የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ።

ፋይል ይዞ መምጣት የሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት ሚኒ ሚዲያ ክፍል አለሁ። ሩቅ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።