ርካሽ ቀለህ፣ ውድ ስሕተት

በአሜሪካ ጥይትን በቤት ውስጥ እንደገና መሙላት የተለመደ ነው። ከተተኮሰ ጥይት የሚቀረው ቀለህ ጸድቶና ተስተካክሎ ዳግም ባሩድ ይጎርሳል። ብዙዎች የሽጉጥ ቀለህን የሚመርጡት በዋጋው ወይም በአንጸባራቂነቱ ነው፤ ይህ ግን የተሳሳተ መለኪያ ነው።

ቀለህ የሚሠራበት ናስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ናሱ ተለጥጦ ጋዙ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ይዘጋል። በ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ግፊቱ በካሬ ኢንች እስከ 35,000 ፓውንድ ይደርሳል። ይህን ጫና የተሰነጠቀ ወይም ከሥሩ ያበጠ ቀለህ አይችለውም፤ ጉዳቱም የሚያርፈው በተኳሹ እጅና ዓይን ላይ ነው።

ውበትም ያታልላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ጦር በህንድ፣ በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ ያከማቸው ጥይት ቀለሁ በራሱ ጊዜ ይሰነጠቅ ነበር። ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑ የተብራራው በ1921 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬም ናስን አሞኒያ ባለው ማጽጃ ማሳመር ያንኑ ስሕተት መድገም ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የማይታየው ነው። በተተኮሰ ቀለህ ውስጥ የእርሳስ ብናኝ ይቀራል፤ ለሕፃናት ደግሞ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። ስለዚህ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ የሚታወቅ ቀለህ መምረጥ፣ ብናኝ በማያስነሣ መንገድ በውኃ ማጠብ፣ ሥራውንም ከማድ ቤትና ከልጆች ማራቅ ግድ ነው። በሳንቲም የተቆጠበው በልጅ ጤና ሊከፈል አይገባም።