ባለቤት የሌለው የግቢ ውሻ

ዊንጌት አካባቢ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም የማህበሩ ቢሮ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «በግቢው ውስጥ ውሻ ማሳደግ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል፤ ማህተምም አለው። ከወረቀቱ ሥር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቡናማ ውሻ ተጋድሞ ይገኛል። ጥበቃዎቹ ቦቢ ይሉታል። የብሎካችን ልጆች በሌላ ስም ይጠሩታል፤ የስጋ ቤቱ ልጅ ደግሞ ሦስተኛ ስም አውጥቶለታል። ማንም «የኔ ነው» ስለማይለው ክልከላው አይነካውም።

ሊቀመንበራችንን ጠይቄያቸው ነበር። «እሱማ የግቢው ነው፤ ሌሊት ለጥበቃዎቹ ጉልበት ይሆናቸዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከእንጦጦ ወዲህ ባለው ጫካ ጅብ እንዳለ ለጉለሌ ሰው አይነገርም። በዱላና በባትሪ ብቻ የሚያድር ጥበቃ ያለ ውሻ ምን ይሁን? እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት ለልጃቸው ያመጧት ትንሽ ውሻ የክትባት ደብተር ነበራት፤ ስትወርድም በማሰሪያ ተይዛ ነበር። ሁለት ማስጠንቀቂያ ሲጻፍባቸው ውሻዋን ለዘመድ ሰጡ። የተከተበችው ወጣች፣ ያልተከተበው ቀረ።

የጎረቤት ቅሬታ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ደረጃችን ጠባብ ነው፤ ጤፍ የተሸከመ ሰው ሲመጣ ሌላው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያሳልፈዋል። ውዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ የሚወርድ ጎረቤቴ የውሻ ምራቅ ልብሱን ከነካው ተመልሶ ማጠብ ሊኖርበት ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ለቅዳሴ የሚወጡ እናትም ውሻ ሲታከካቸው ደስ አይላቸውም። ብሎኬቱ ደግሞ ድምፅ አያስቀርም፤ ባለቤቱ ሥራ ውሎ እስኪመጣ በረንዳ ላይ ታስሮ የሚያላዝን «የፈረንጅ ውሻ» ሁለት ብሎክ ያውካል። ጀርመን ሼፐርድን ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ማሳደግ፣ በበኩሌ፣ ለውሻውም ለሰውም ግፍ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን በጭስ፣ በመጥፎ ሽታና በጩኸት ከመልካም ጉርብትና ወሰን አልፎ እንዳያውክ ይከለክላል። ውሻን በስም አልጠራም፤ ለውሻ ግን ይበቃል።

ግን እንስሳ ከግቢያችን የራቀበት ጊዜ አለ እንዴ? የፋሲካ ሰሞን በጉ ከደረጃው ብረት ጋር ታስሮ ያድራል፤ ዶሮዋ መታጠቢያ ቤት ሆና ታስካካለች። ያን ጊዜ ወረቀት የሚለጥፍ የለም። ኮንዶሚኒየሙን የነደፉት ሰዎች ይህን ጠባያችንን አውቀው ነው ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆነውን ኮሚናል የሠሩልን። አንዳንድ ግቢ ውስጥ ኮሚናሉ ለሱቅ ወይም ለመጋዘን ተከራየ፤ በጉም ደረጃ ላይ ወጣ። ከበዓል ማግስት ገንዳው ውስጥ የሚወረወረው አጥንትና አንጀት ነው እንግዲህ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የሚቀልበው። ቦቢን ያመጣው የእኛው ቆሻሻ ነው።

ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። የዊንጌት ሰው ፓስተርን ያውቃል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙም የማይርቀው ግቢ ነው። ውሻ የነከሰው አዲስ አበቤ ለዘመናት የሚላከው ወደዚያ ነበር። ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው አሮጌው ክትባት በተከታታይ ለ14 ቀን ሆድ ላይ ይወጋ ነበር፤ ታላላቆቻችን ሲያወሩት ሰምተን ውሻ ባየን ቁጥር ሆዳችንን እንይዝ ነበር። አሁን ክንድ ላይ በጥቂት ዙር የሚሰጥ ዘመናዊ ክትባት አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ጠባይ ግን አልተለወጠም። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል፤ ዛሬም መጀመሪያ ወደ ጸበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም ሄዶ ጊዜ የሚያልፍበት ሰው አለ። ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው የሚያዋጣው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው ምንጩ ውሻ ነው፤ ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ ደግሞ ስርጭቱ ይገታል። 70 በመቶ የሚሞላው ውሻውን አስሮ ለመርፌ የሚያቀርብ ሰው ሲኖር ነው። ክልከላችን ያባረረው ይህንን ሰው ነው። ከተማው ባለቤት የሌላቸውን በመርዝ ሲያስወግድ ኖሯል፤ ገንዳው እስካልተከደነ ድረስ ግን የሞቱትን የሚተኩ ሌሎች ከማዶ ሰፈር ይመጣሉ።

ቢነክስስ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው። (አንቀጽ 2074 ደግሞ፣ ጥፋት የሌለበት ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነት መዳን እንደሚችል ይናገራል። ነክሶኝ ሲያበቃ የኔ የሚሆን ውሻ ይታየኝ!) ቦቢ ልጅ ቢነክስ ማህበሩ «የኔ አይደለም» ይላል፤ አጥንት የሚወረውርለት ጥበቃም ደመወዙ ለክሊኒክ ካርድ የማይተርፍ ነው።

ጉዳዩ ከዊንጌትም ይሰፋል። በ2016 ከፒያሳ፣ በ2017 ከካዛንችስ የተነሱ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ግቢና አጥር ባለው የቀበሌ ቤት ኖረው ነው ወደ ኮንዶሚኒየምና እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ አዳዲስ መንደሮች የሄዱት። እቃ ሲጫን ውሻው የት ይሂድ ብሎ የጠየቀ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ለዓመታት በር ሲጠብቅ የኖረ ውሻ በሩ ሲፈርስ ጎዳና ላይ ይወጣል፤ ባለቤቶቹ የሄዱበት ግቢ ቢገባ እንኳ እንደኛው ያለ ወረቀት ይጠብቀዋል።

ሲንጋፖር አብዛኛው ሕዝቧ መንግሥት በሠራው አፓርታማ የሚኖርባት፣ በደንብ ጥብቅነትም የምትታወቅ አገር ናት። እዚያ እንኳ በተፈቀዱ ትናንሽ ዝርያዎች እስከተወሰነ ድረስ አንድ ቤት አንድ ውሻ ማስመዝገብ ይችላል። ድመት ለ35 ዓመታት ተከልክሎ ኖሮ፣ ሰዉ ደብቆ ማሳደጉን ስላልተወ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በምዝገባ ተፈቀደ። እኛም ዘንድ በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማህበር መተዳደሪያ ደንብ ማውጣት ይችላል፤ ደንቡ ከ«ክልክል ነው» ያለፈ ነገር እንዳይጽፍ ያገደው የለም። ስንት ውሻ፣ ምን ያህል የሚያክል፣ በየትኛው ሰዓት በደረጃው እንደሚወርድ፣ የጣለውን ማን እንደሚያነሳ መጻፍ ይቻላል። ችግሩ ስብሰባ ላይ ነው። ድምፅ ያላቸው ባለቤቶች ብዙዎቹ ቤታቸውን አከራይተው ሌላ ቦታ ይኖራሉ፤ ከነልጁና ከነውሻው እዚህ የሚኖረው ተከራይ ደግሞ አይጠራም።

ቦቢን በሚመለከት ያለኝ ሐሳብ አጭር ነው፤ ማህበሩ በራሱ ስም ይያዘው። ለጥበቃ የሚጠቅመን ከሆነ ክትባቱም እንደ ባትሪውና እንደ ዱላው ከወርሃዊው መዋጮ ይከፈል። በዓመት አንድ ቀን የእንስሳት ሐኪም ግቢው ድረስ ቢጠራ፣ ውሻውን ደብቆ የሚያሳድገውም ሁሉ ይዞ ይወርዳል። የሚወርደው ግን በማግስቱ ማስጠንቀቂያ እንደማይጻፍበት ካመነ ብቻ ነው።