ሁለተኛው ድስት

አፍደም ላይ ድግስ የሚደግስ ሰው ስለ ምግቡ ከማሰቡ በፊት ማንን እንደሚጠራ ቢያስብ ይሻለዋል። ብዙ ቤት የሚሠራው ግን በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ በጉና ዶሮው ይታሰባል፣ ቅቤና በርበሬው ይገዛል፣ ጠላው ይጠነሰሳል። ጎረቤት የሚታወሰው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። አንዱ "ለሙስሊሞቹስ?" ሲል "ለስላሳና ብስኩት እናቀርብላቸዋለን" ይባላል።

ይህ መልስ ያሳዝነኛል። አፍደም በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ያለች፣ ዙሪያዋን የኢሳ አርብቶ አደር የከበባት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ በ1917 አዲስ አበባ እስኪገባ ባለው ጊዜ በዚች በኩል አለፈ። በመስመሩ ላይ ባሉት ጣቢያዎች ሁሉ እንደሆነው፣ ከደጋ የመጣው ክርስቲያን አብዛኛው የባቡርን እንጀራ ተከትሎ የመጣ ነው። ተቀብሎ ያኖረው የአገሩ ሰው በክርስቲያኑ ግቢ በብስኩት ሲሸኝ ማየት ከባድ ነው።

ሙስሊምና ክርስቲያን አንዱ የሌላውን እርድ አለመብላቱ በአገራችን የቆየ ሥርዓት ነው። ማንም በዚህ አይቀየምም። የሚያስቀይመው ሥርዓቱን እያወቁ ሳይዘጋጁ መቅረት ነው። ለየብቻ ማረድና ለየብቻ ማብሰል እንደሚያስፈልግ ከታወቀ፣ ሁለተኛው ድስት ከመጀመሪያው ጋር እኩል በጀት ሊያዝለት ይገባል። ደግሞም ጤፍና በርበሬ ከደጋ ተጭኖ ይመጣል እንጂ፣ ፍየል የአገሩ ነው።

በአንድ የምርቃት ድግስ ላይ ይህ በሚገባ ሲደረግ አይቻለሁ። የቤቱ እመቤት ቀኑ ሳይደርስ አንዲት ሶማሌ ጎረቤቷ ዘንድ ሄዳ "ኤዶ (አክስቴ)፣ የእናንተን ድስት እርስዎ ይያዙልኝ፤ ፍየሉን እኔ እገዛለሁ" አለቻቸው። እሳቸውም "እሺ ልጄ፣ ሩዙንም እኔ ቤት አበስለዋለሁ" ብለው ተቀበሉ። በዕለቱ የጎረቤቷ ልጅ ፍየሉን ወደ ቂብላ አዙሮ፣ ቢስሚላህ ብሎ አረደው። ድስቱም ቢላዋውም ጭልፋውም ከእሳቸው ቤት ነው። ሥጋው ተቀቀለ፤ ሩዙ በመረቁ፣ በሄልና በቅርንፉድ በሰለ። ሥጋው ከላይ ተደርጎ በትልቅ ትሪ ሲቀርብ ሎሚና ሙዝ ከጎኑ ነበረ። ሩዝን በሙዝ መብላት ለደገኛ እንግዳ ነገር ነው፤ ለሶማሌ እንግዳ ግን ሙዙ ከሌለ ማዕዱ ጎዶሎ ነው። ይህን የምታውቀው የምግቡ ባለቤት የሆነችው ጎረቤት ናት፤ ስለዚህ ምክር ሊጠየቅ የሚገባው ከእሷ ነው። ከዚያ በኋላ ወተት የበዛበት የቅመም ሻይ መጣ። እንግዶቹ ቶሎ አልተነሡም።

መጠጡም ከወዲሁ ይታሰብበት። ቢራና ጠጅ በሚቀዳበት ገበታ ላይ አይቀመጥም የሚል ሙስሊም ብዙ ነው፤ ስለዚህ መጠጡ ራቅ ባለ ክፍል ቢሆን ሁሉም ተመችቶት ይጫወታል። ሽሮው፣ ምስሩና አትክልቱ ግን ሁሉንም በአንድ ላይ ሊያስቀምጡ የሚችሉ ምግቦች ናቸው። ሥጋ ወጥ ያማሰለ ጭልፋ አንድ ጊዜ ከገባባቸው ይህ ይቀራል። የጾም ድስቱን ለአንዲት ጠንቃቃ ሴት ብቻ መስጠት ይበጃል።

ቀኑን መምረጥም የምግቡ ዕቅድ አካል ነው። ዓርብ የደገሰ ክርስቲያን፣ በዓለ ሃምሳ፣ ገና ወይም ጥምቀት ካልሆነ በቀር፣ ለራሱ ወገን ሥጋ አያቀርብም፤ ሙስሊሙም ጁምዓ ሳይሰገድ አይመጣለትም። በ2017 ዓ.ም ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ሲገባ ረመዳን በዚያው ሳምንት፣ የካቲት 22 ጀመረ። መጋቢት 21 ዒድ ሲከበር ክርስቲያኑ ለፋሲካው ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ ያምናውን አይቶ ቀን መቁረጥ አይቻልም። ከሁለቱም ወገን አንድ ሰው አማክሮ መቁረጥ ነው።

ቆላ መሆናችንም አይረሳ። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ትኩሱም እስኪቀርብ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሆኖ እንዲጠበቅ ይመክራል። እኛ ግን ሌሊት የተሠራ ወጥ እስከ ቀትር ድንኳን ውስጥ እናቆማለን። በጠዋት አርዶ፣ አብስሎ፣ በዕለቱ መጨረስ የአርብቶ አደሩ ልማድ ነው፤ ለዚህ አየር የሚስማማውም እሱ ነው። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ቢቀር ደስ ይለኛል፤ የኮሶ ትል የሚተላለፈው በደንብ ባልበሰለ የከብት ሥጋ ነው።

አንድ ጥያቄ ለእድሮቻችን አለኝ። ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ በሚያዋጣባቸው የሰፈር እድሮች ድንኳኑና ወንበሩ የጋራ ነው። ድስቱ ግን የክርስቲያን ሥጋ ስለሚሠራበት ሙስሊሙ አባል እያዋጣ አይጠቀምበትም፤ ሠርግም ሐዘንም ሲደርስበት ከዘመድ ይዋሳል። በቀይ ቀለም ምልክት የተደረገባቸው ጥቂት ድስቶች፣ ጭልፋዎች፣ ቢላዋዎችና ትሪዎች ከእድሩ ገንዘብ ይገዙ፤ ለብቻቸው ይቀመጡ፤ ቁልፉም በሙስሊም አባል እጅ ይሁን። የእድር ዳኞች ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያነሡት እለምናለሁ።