ስለ ጎደሎ ቀንና ስለ ጎደሎ ሥራ

በአንድ ማለዳ ከአሰላ ወደ አዳማ የሚወርደውን አውቶቡስ በመናኸሪያው ቆሜ ስጠብቅ ሳለሁ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጓዛቸውን ይዘው መጡና ገና ሳይሳፈሩ ወዲያው ወደ ኋላ ዞሩ። «አባቴ፣ ምን ረሱ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ባዶ ጀሪካን የያዘች ልጅ መንገዳቸውን ስላቋረጠችባቸው «የዛሬው መንገድ ገድ የለውም፤ ነገ እሄዳለሁ» አሉኝ። በአያቶቻችን ዘመን የሚያስፈራው ባዶ እንስራ ነበረ፤ ዛሬ እንስራው ወደ ጀሪካን ተለወጠ፤ ፍርሃቱ ግን አልተለወጠም። በአጠገቤ የነበረ አንድ የተማረ ጎልማሳ ይህን ሰምቶ ሳቀና «ትምህርት በተስፋፋ ጊዜ ይህ ሁሉ እንደ ጉም በኖ ይጠፋል» አለ። እኔም በዚያን ሰዓት ዝም አልሁ። ነገር ግን ይህ አነጋገር የእርሱ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ስለ ሆነ፣ ዛሬ በዚህ ገጽ መልስ ልሰጥበት ወደድሁ።

እንዲህ የሚሉት ሰዎች አሳባቸው ይህ ነው፤ ገድ ማየት፣ ቀን መምረጥ፣ ክታብ ማንጠልጠል የድንቁርና ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ እናታቸው ድንቁርና ስትሞት እነርሱም አብረው ይሞታሉ። ይህ አሳብ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ዕውቀት በበዛበት ቦታ ገድ የሚያይ አንድ ሰው እንኳ ባልተገኘ ነበር። እንግዲህ ዕውቀት እጅግ የበዛበትን ቦታ ፈልገን እንመልከት። ከምድር ተነሥተው ወደ ጠፈር ከሚጓዙት ሰዎችና መንኰራኵሩን ከሚሠሩላቸው መሐንዲሶች ይልቅ የተማረ መንገደኛ ከወዴት ይገኛል? በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዩሪ ጋጋሪን በኤፕሪል 12 ቀን 1961 ከሰው ልጆች ሁሉ አስቀድሞ ወደ ጠፈር በወጣበት ቀን፣ ወደ ሮኬቱ ሲሄድ ከአውቶቡስ ወርዶ በቀኙ የኋላ ጎማ ላይ ውኃ ሽንቱን እንደ ሸና ይነገራል። ይህ የአንድ ሰው የሥጋ ችግር ነበረ። ከእርሱ በኋላ ግን በካዛኽስታን ካለው ከባይኮኑር የሚነሡ ተጓዦች ነገሩን እንደ ሥርዓት ይዘው በዚያው በቀኙ ጎማ ላይ ሲያደርጉት ኖረዋል። ከጉዞው አስቀድሞ በ1970 የወጣውን «የበረሃው ነጭ ፀሓይ» የተባለውን ፊልም ያያሉ፤ ባረፉበት ክፍል በር ላይ ይፈርማሉ፤ የሚሳፈሩበት ሮኬት ወደ መነሻው ሲጓጓዝ ግን ማየቱ ገድ የለውም ይላሉና አያዩትም። አሜሪካኖቹም በዚህ ነገር ከመስኮቦቹ አያንሱም። የበረራው አዛዥ የጉዞውን ልብስ ከለበሰ በኋላ ካርታ ይጫወታል፤ እስኪሸነፍም ድረስ ከክፍሉ አይወጣም፤ ክፉ ዕድሉን ሁሉ በዚያው ጥሎት ለመሄድ ነው። በካሊፎርኒያ ያሉት መሐንዲሶችም የላኩት መሣሪያ ሲነሣና ሲያርፍ ኦቾሎኒ መብላታቸውን አይተዉም።

አንባቢ ሆይ፣ የመናኸሪያው ሽማግሌ ከእነዚህ ሰዎች በምን ያንሳሉ? እንግዲያስ ገድ የፍርሃት ልጅ እንጂ የድንቁርና ልጅ ብቻ አይደለም። ሰው በብዙ ሺህ ብሎንና ቧንቧ ተገጣጥሞ ነዳጅ በተሞላ ሮኬት ጫፍ ላይ ታስሮ ሲቀመጥ፣ ከእነዚያ ብሎኖች አንዱን እንኳ በገዛ እጁ ሊያጠብቅ አይችልም። እጁ ሥራ ሲያጣ ፍርሃት ሥራ ይሰጠዋል። ስለዚህ አልስቅባቸውም። ነገር ግን ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር ጠንቋይ ቤት ይዘጋል ብሎ ተዝናንቶ መቀመጥ ትልቅ ስሕተት ነው እላለሁ።

«ታዲያ ምን ጉዳት አለው? ጎማውም አልተጎዳ፤ ኦቾሎኒውም ይጣፍጣል» የሚለኝ ይኖራል። ጉዳቱ ይህ ነው፤ ገድን የለመደ ሰው ጥፋትን ከሠሪው ላይ አንሥቶ በቀንና በቁጥር ላይ ይጭናል። ለዚህም ምስክር አለኝ።

በኦክቶበር 24 ቀን 1960 በባይኮኑር አንድ አዲስ የጦር ሮኬት ሲሰናዳ፣ ነዳጁ ከተሞላ በኋላ ብልሽት ተገኘበት። ጥንቃቄ ቢኖር ነዳጁን አውጥቶ ማበጀት ይገባ ነበር። ነገር ግን የአብዮቱ በዓል ሳይደርስ እንዲተኮስ ጥድፊያ ስለ ነበረ፣ ሰዎቹ ነዳጅ በተሞላው ሮኬት ዙሪያ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ አለቃቸው ማርሻል ሚትሮፋን ኔደሊንም በአጠገቡ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። በድንገት የላይኛው ክፍል ሞተር ተቀጣጠለና ማርሻሉን ጨምሮ እጅግ ብዙ ሰዎች በእሳት አለቁ። መንግሥቱም ማርሻሉ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ ብሎ አስወራ፤ እውነቱንም እስከ 1989 ድረስ ከሕዝቡ ሸሸገ። በ1963 በዚያው በኦክቶበር 24 በዚያው ሥፍራ ሌላ እሳት ተነሥቶ እንደ ገና ሰው ገደለ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቀን ከባይኮኑር ሮኬት አይነሣም። ለሞቱት መታሰቢያ ሆኖ ሥራ ቢቆም መልካም ነው፤ እኔም አልነቅፍም። ጎደሎ ቀን ነው ለሚለው ግን፣ ኦክቶበር 24 ምን በደለ ብዬ እጠይቃለሁ። በ1960 የገደለው ጥድፊያ ነበረ፤ ጥድፊያም በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚመጣ አይደለም።

እንደዚሁም አሜሪካኖች በ1970 አፖሎ 13ን ወደ ጨረቃ ሲልኩ፣ በኤፕሪል 13 የኦክሲጅኑ ጋን ፈነዳና ሦስቱ ተጓዦች በብዙ ጭንቅ ወደ ምድር ተመለሱ። ያጠፋው የ13 ቁጥር ነው ያሉ ነበሩ። መርማሪዎቹ ግን ሌላ ነገር አገኙ። በጋኑ ውስጥ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ማብሪያ ማጥፊያ ለ28 ቮልት የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ በምድር ላይ ሲፈተን 65 ቮልት ተለቀቀበት፤ ስለዚህ ተጣብቆ ቀረ፤ የሽቦዎቹም ልባስ ተቃጠለ። እንግዲህ ያጠፋው በ28ና በ65 መካከል ያለውን ልዩነት ያላስተዋለ ዓይን ነው። በጃንዩወሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር ከነሰባት ሰዎቿ ስትጠፋም፣ ምክንያቱ በብርድ የደረቀ የጎማ ቀለበት ነበረ። መሐንዲሶች በዋዜማው ሌሊት ብርዱ ያሰጋል ብለው ተናግረው ነበር፤ የሚሰማቸው ግን አላገኙም።

ምስጋናም እንደ ጥፋቱ ከባለቤቱ ይነጠቃል። ሬንጀር ከተባሉት የአሜሪካ መንኰራኵሮች ስድስቱ ተራ በተራ ከሸፉ። በ1964 ሰባተኛው ሲላክ ከሠራተኞቹ አንዱ ኦቾሎኒ አደለ፤ ሬንጀር 7ም የጨረቃን ፎቶግራፍ እያነሣ ላከ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ኦቾሎኒው ተመሰገነ። ከስድስተኛው ውድቀት በኋላ ካሜራዎቹ ለምን እንዳልሠሩ የመረመሩትንና ያበጁትን ሰዎች ግን ማን ያስታውሳቸዋል?

ይህን ሁሉ ከሩቅ አገር ያመጣሁት ወሬ ለማብዛት ሳይሆን በደጃችን ያለውን ለማሳየት ነው። ከአሰላ የሚነሣው መንገድ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ጀምሮ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት የአርሲን ስንዴና ገብስ ከልኩ በላይ የጫነ መኪና ፍሬን ሲከዳው የሚሆነውን ሁላችን እናውቃለን። እኔም በመኪና አደጋ ለሞቱ ሰዎች በተቀመጥንበት ለቅሶ የሰማሁት ቃል «ጎደሎ ቀን ነበረ» ወይም «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚል ነው። ስንት ኩንታል ተጭኖ ነበር? ፍሬኑ የታየው መቼ ነው? ሾፌሩስ ሌሊቱን ተኝቶ ነበር? ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልሰማሁም። ባለመኪናው ለክታብ ጸሐፊው ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ ክታቡን ከመስተዋቱ በላይ አንጠልጥሏል፤ ለፍሬኑ የሚያስፈልገውን ብዙ ገንዘብ ግን ለሚመጣው ወር አሳድሮታል።

አባቶቼ ካህናት ሆይ፣ በትሕትና አንድ ነገር ልናገር። «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ቃል በቀብር ላይ ከእናንተ አንደበት ሲወጣ ለመበለቲቱ መጽናኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ከእርሷ አስቀድሞ የሚጽናናበት ባለመኪናው ነው። የሰው ስንፍና የእግዚአብሔር ፈቃድ ተብሎ ሲጠራ፣ በፈጣሪ ላይ በሐሰት መመስከር ነው።

«ታዲያ ጸሎትንም ልትከለክል ነውን?» የሚል ቢኖር፣ አይደለም እላለሁ። በባይኮኑርም ቄስ ቆሞ ተጓዦቹንና ሮኬቱን ጸበል ይረጫል። ይህ ከጎማው ሥርዓት ጋር አንድ አይደለም፤ ነገር ግን በተጓዡ ልብ ውስጥ አንድ ሊሆን ይችላል። ጸሎት ይለምናል፤ መልሱንም ለሰሚው ይተዋል፤ ክታብ ግን ዋጋ ከፍሎ ያዛል። የጸለየ ሰው ተነሥቶ ፍሬኑን ያያል፤ ክታብ ያሠረ ሰው ፍሬኑን ማየት ይተዋል። ይህን ልዩነት ሊቃውንቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ አፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ15ኛው መቶ ዓመት በአስማተኞችና በጠንቋዮች ላይ በብርቱ የተነሡት ስለዚህ ነው። ዛሬ ግን አውደ ነገሥት በየመጽሐፍ አዟሪው እጅ እየተሸጠ፣ የሰውን ኮከብ ከስሙና ከእናቱ ስም ፊደል ይቆጥራል። አገራችን በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓመተ ምሕረት በቻይና ከታይዩዋን የመጀመሪያዋን ሳተላይት ወደ ሰማይ አስወጣች፤ መረጃዋንም በእንጦጦ ተቀበለች። ሳተላይት ያስወጣ ሕዝብ ኮከቡን በእናቱ ስም ማስቆጠሩን ካልተወ፣ አንድ ቀን ሳተላይቲቱም ራሷ ክታብ አንጠልጥላ ትወጣለች ብዬ እፈራለሁ።

ጸሎትና ሥራ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ለማየት ከአርሲ መውጣት አያስፈልግም። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና፣ የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ1996 በአትላንታና በ2000 በሲድኒ በ10,000 ሜትር ባሸነፉ ጊዜ፣ የውጭ አገር ሰዎች ምሥጢሩን ከአየሩና ከደማቸው ፈለጉት። ኃይሌ በልጅነቱ ደብተሩን ታቅፎ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ካደገም በኋላ ግራ እጁን አጥፎ ሮጠ። ያ የታጠፈ እጅ የሥራው ምልክት ነው እንጂ ገድ አይደለም። አሠልጣኙ ስንታየሁ እሸቱም በበቆጂ ልጆችን ያስሮጡት ቀን መርጠው አልነበረም። በመነሻው መሥመር ላይ የሚያማትብ ሯጭ የሚያማትበው ከዓመታት ሩጫ በኋላ ነው፤ በሩጫው ፋንታ አይደለም።

እንግዲህ ልማዳችሁን ሁሉ ጣሉ አልልም። የባይኮኑር ተጓዦች ከመሄዳቸው በፊት እያንዳንዳቸው ዛፍ ይተክላሉ፤ ይህ መታሰቢያ ነው። በመንኰራኵሩም ውስጥ ትንሽ አሻንጉሊት በክር ያንጠለጥላሉ፤ ክታብ ቢመስልም፣ ሲንሳፈፍ ክብደት መጥፋቱን የሚያመለክት መሣሪያ ነው። አንዱን ከሌላው ለመለየት ሁለት ነገር ራሳችንን እንጠይቅ፤ ይህ ልማድ ቢቀርብኝ እፈራለሁን? ይህንስ ስላደረግሁ የተውሁት ሥራ አለን? ለሁለቱም «አዎን» ብሎ የሚመልስ ሰው፣ ልማዱ ጌታ ሆኖበታልና ይንቃ።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። እርሳቸው በዚያ ማለዳ የአንድ ቀን መንገድ ቀረባቸው እንጂ ማንንም አልጎዱም። የሳቀው ጎልማሳና እኔ ግን ስለ ፍሬኑ ሳንጠይቅ፣ የሾፌሩንም ዓይን ሳንመለከት ተሳፈርን፤ በሰላም ስለ ደረስንም ከእርሳቸው ይልቅ ብልሆች የሆንን መሰለን። ሽማግሌው ጀሪካኑን ትተው ስለ ፍሬኑ ጠይቀው ተመልሰው ቢሆን ኖሮ፣ እኔም ጓዜን ይዤ አብሬያቸው በተመለስሁ ነበር።